የሴአባታ ሳንባ

ጁን፣ ቅዳሜ

ኬኔዌ መጣች። ታክሲው ከታች መንገዱ ላይ አውርዷት ሻንጣዋን ልቀበል ብርድ ልብሴን ደርቤ ብወጣ ጎረቤቴ ሴአባታ ቀድሞኛል። ሻንጣውን አናቱ ላይ ጭኖ ዳገቱን ይወጣል። በዚህ ዕድሜው፣ እያፏጨ። ልጅቷ የኔ የልጅ ልጅ፣ ሻንጣው በኔ በግ የተገዛ፣ ፉጨቱ የሱ።

"ሐኪምህን አመጣሁልህ ጼሊሶ" አለኝ ደጄ ላይ ሲያስቀምጠው። ማን ላከህ ልለው ነበር። እግዜር ይስጥልኝ አልኩት።

ልጅቷ አቅፋኝ ቆየች። ደስ አለኝ። ኋላ ግን ጆሮዋን ደረቴ ላይ ለጥፋ እንደምታዳምጥ ነቃሁና ገፋ አደረግኳት። እኔ እቅፍ መስሎኝ።

ማታቶ ሚስቴ ሆይ፣ የልጅ ልጅሽ መጥታለች። አንቺ ከሞትሽ ወዲህ በዚህ ቤት የምከራከረው ሰው የለኝምና እዚህ ደብተር ላይ እከራከርሻለሁ። ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽ፣ በመዝሙር መጽሐፍ፣ ከወርቅ ማዕድኑ ጉድጓድ ለእረፍት ስመጣ። ጽሑፌ ጠማማ ከሆነ የመምህሯ ጥፋት ነው።

እሁድ

ከሻንጣው ብርድ ልብስ ወጣ። አዲስ፣ ወፍራም፣ የበቆሎ ራስ ሥዕል ያለበት፣ የተከበረ ሽማግሌ የሚደርበው ዓይነት።

"ከፕሮፌሰር ፎርቱይን ነው፤ ለእርስዎ ነው ንታቴ ሞሆሎ" አለች አያቷን።

ይህች ፎርቱይን ኬፕታውን የሕክምና ትምህርት ቤት የምታስተምራት ሴትዮ ናት። እሁድ እሁድ ቤቷ ወስዳ ምሳ ታበላታለች። "ልጄ" ትላታለች አሉ። እናት የሌላት ይመስል። እናቷ ታቶ፣ ማፑትሶ ከተማ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ጎንበስ ብላ ስትሰፋ ትውላለች፤ የኔ ልጅ። አያቷ ደግሞ ይኸው አለሁ።

ብርድ ልብስ እንዲሁ አይሰጥም። እኛ ዘንድ ለአባትና ለአያት ብርድ ልብስ ይዘው የሚመጡት ሴት ልጅ የሚወስዱ ሰዎች ናቸው። እሱም ሽማግሌ ተልኮ፣ ከብት ተነድቶ፣ ነገር አልቆ ነው። ይህችኛዋ ከመጨረሻው ጀመረች።

"ምን ፈልጋ ነው?" አልኳት።

"ብርድ ስለሆነ ነዋ" ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ከነላስቲኩ ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኩት። አሮጌዬን ለብሼ ተኛሁ። በረደኝ። ይብረደኝ።

ሐሙስ

ዛሬ ነገሩን ዘርግታ ነገረችኝ። የበቆሎውን ገንፎ፣ ፓፓውን፣ በጎመን በልተን፣ ኩበቱ ገና እየነደደ። እንደገባኝ እጽፈዋለሁ።

ሐኪም ለመሆን ሦስት ዓመት ቀርቷታል። ይህን አውቃለሁ፤ ለሰው ሁሉ ተናግሬዋለሁ። አሁን ግን ሁለቱን ዶክተርነት ባንድ ላይ የሚያስተምር ትምህርት አለ። የሕክምናውን ከመሃል ታቆምና በበሽታ ላይ ምርምር ትገባለች። በእሱ ዶክትሬት ተቀብላ ደግሞ ወደ ሕክምናዋ ትመለሳለች። ሲያልቅ ሰባት ዓመት፣ ምናልባት ስምንት። ሁለት ቦታ ተቀብለዋታል። አንዱ እዚያው ኬፕታውን፣ እቺ ባለ ብርድ ልብሷ ዘንድ። ሌላው ጆሃንስበርግ። ወይም ሁለቱንም ትታ ሐኪምነቷን ብቻ ትጨርስና እዚህ ሌሪቤ ሆስፒታል ትገባለች። ጁላይ ሳያልቅ መልስ ትሰጣለች።

በአንድ በሬ ላይ ሁለት ቀንበር አልኩ በሆዴ።

"በሽተኛ ፊት ቆሞ የሚያክም ሐኪም አይበቃም?" አልኳት።

"ይበቃል። ግን መድኃኒት የሌለው በሽታ አለ ንታቴ ሞሆሎ። እሱን ሐኪሙ ቆሞ ያየዋል እንጂ ምን ያደርገዋል?"

ይህን ስትል ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ልጅ የሽማግሌ ዓይን አያይም። ከተማ አበላሽቷታል።

ሰባት ስምንት ዓመት የእሁድ ምሳ። በፎርቱይን ቤት።

ማክሰኞ፣ በችኮላ

ጠዋት ሴአባታ ቤት ገባች። ምሳ አለፈ። አልወጣችም። በጎቹን ውኃ አጠጣሁ። አሁንም አልወጣችም። ምን ያህል ወሬ አለው ይሄ ሰውዬ።

ማክሰኞ፣ ከራት በኋላ

ወጣች። ለካ በቱቦ ትንፋሹን ስታስነፋው ነው የዋለችው። አምና ለትምህርቷ ብላ አንድ ጊዜ አድርጋው ነበር፤ ዘንድሮም ደገመችው። ፊቷ እንደ ፀሐይ በርቶ፣ "የንታቴ ሴአባታ ሳንባ የጎረምሳ ሳንባ ነው፤ ጉድ ነው" ትለኛለች። ሴአባታ ራሱ ኋላዋ መጥቶ ደጄ ላይ ቆመና፣ "ጎረምሳ ነህ ተባልኩ፤ ሚስት ልፈልግ ነው ጼሊሶ፣ ሚዜ ትሆነኛለህ" አለኝ።

አንድ ጉድጓድ ነው የወረድነው። አንድ መሰርሰሪያ ነው የያዝነው፣ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ። ድንጋዩ ሲፈረፈር ያን ነጭ አቧራ እኩል ነው የዋጥነው፤ ማታ ስንወጣ ማን ማን እንደሆነ እስከማይለይ ድረስ። አሁን እሱ ጎረምሳ ሆነ።

"የኔንስ ለምን አትለኪም?" አልኳት።

ዘመድ ጥናት ውስጥ አይገባም፣ ሕጉ ይከለክላል አለችኝ። ግን ለጥናት ሳይሆን ለራስዎ ክሊኒክ እንሂድ፣ ነገ እንሂድ፣ እኔ አደርስዎታለሁ አለች። አልሄድም አልኳት። ክሊኒክ የሚሄድ በሽተኛ ነው። እኔን የሚያስለኝ የኩበት ጭስ ነው።

ሕግ ነው ይላሉ ሰው ሲጠሉ።

ጁላይ ገባ፣ ዓርብ

መላ አገኘሁ። ጆሃንስበርግ ይሻልሻል አልኳት። ቅርብ ነው፤ ጠዋት ታክሲ የያዘ ማታ ይደርሳል። ከተማውንም አውቀዋለሁ። በወር በወር ትመጫለሽ።

"እውነት ይፈቅዱልኛል?" አለች። ተገረመች። "እዚያ ምን እንደሚሠሩ ያውቃሉ?"

"ሕክምና ነዋ።"

አየችኝና እሺ አስብበታለሁ አለች። እኔ ግን ፎርቱይን ገበታ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ሹካዋን ስታዞር ታየችኝ። ደስ አለኝ።

ያን ብርድ ልብስም ከቤቴ አስወጣሁት። ከነላስቲኩ ወስጄ ለሴአባታ ሰጠሁት።

"ለምን?" አለኝ።

"ጠበበኝ።"

"ብርድ ልብስ ይጠባል እንዴ?"

"ይጠባል" አልኩት።

እሁድ

ሴአባታ ለብሶት ቤተ ክርስቲያን መጣ።

እንዴት እንደሚያምርበት አልጽፍም። ቁመት አለው፤ ድሮም ነበረው። ቄሱ ሳይቀሩ ጫፉን ዳሰሱት። ሴቶቹ ከበቡት። ከየት አገኘኸው ሲሉት "ከኬኔዌ ፕሮፌሰር፣ ከኬፕታውን" ይላል። በመሃል ያለሁትን እኔን ዘሎኝ ሄደ። የሰጠሁት እኔ ነኝ እንዳልል፣ ለምን ሰጠኸው ይሉኛል። ጠበበኝ ልበል?

ኬኔዌ አየችው። አየችኝ። መዝሙሩ ላይ ድምፅዋ አልወጣም።

የሰጡትን አይመልሱ። ሌሊቱን ውርጭ ወርዶ የበጎቹ ውኃ ድንጋይ ሆኖ አደረ። እሱ ሞቆት ያድራል።

ረቡዕ

ከሴአባታ ጋር የማሽላ ጠላ ጠጥተን ተጣላን። መጀመሪያ ግን እንዴት እንደሆነ።

ልጅቷን ጆሃንስበርግ ልኬያታለሁ አልኩት፣ ፊቱን እያየሁ። አየሁት ቅር ሲለው። "ጆሃንስበርግ እኮ" አለ፣ "የማዕድን ሠራተኛ ሲሞት ሳንባው የሚላክበት ቦታ ነው። እዚያ ነው የምትማረው። የሞኮኔን ረሳኸው?"

አልረሳሁትም። ሞኮኔ ከኛ ጋር ይሠራ ነበር። በሕይወቱ ሳለ የጉድጓዱ ሐኪም ደህና ነህ እያለ ሲመልሰው ኖረ። ሲሞት ሳንባውን አውጥተው በነጭ ሳጥን ላኩት፤ ከዚያ ነው ታሞ እንደነበር ለሚስቱ የነገሯት። እሷም "ይህንማ እኔም አውቅ ነበር፤ ሲያስለው ያደረው እኔ ጎን ነው" አለች። የተቀበረው ግን ባዶውን ነው። እንደ ከበሮ።

"እኔ ፈርሜያለሁ" አለኝ ሴአባታ፣ ጽዋውን እየሞላ። "ስሞት ሳንባዬን ይውሰዱት። ኬኔዌ ጤነኛም ያስፈልጋል አለችኝ፣ ለማነጻጸር። የኔ ሳንባ ለሷ ትምህርት ይሁናት።"

ጽዋዬን አስቀመጥኩ። እኔ ለዚች ልጅ በግ ሸጬላታለሁ። እሱ ሳንባ ሊያወርሳት ነው። ከዚህ በላይ ምን ይሰጣል? የኔን ብሰጥስ፣ ማን የተበሳሳ ጆንያ ይቀበላል? እንዲያውም የተበሳሳ ነገር የለውም፤ ጭስ ነው ያልኩት ጭስ ነው።

ሆዳም፣ በቁምህ ያልጠገብክ በሬሳህ ልትመሰገን ነው፣ አልኩት። "አንተ ደግሞ በሬሳም ትቀናለህ" አለኝ። ተነስቼ ሄድኩ።

ቤት ገብቼ ኬኔዌን ጆሃንስበርግም የለም አልኳት።

"ባለፈው ይሻላል አላሉም?"

"ባለፈው ባለፈው ነው። የልጅ ልጄን ሬሳ ቤት አልልክም።"

አንገቷን ደፋች። ከዚያ ተነስታ የታጠበ ሳህን ስታጥብ አመሸች።

ቅዳሜ

በረዶ ጣለ። ተራራው ሁሉ ነጭ። ስል አደርኩ። ጭሱ ነው።

መሐረቤን ራሴ አጠብኩት። ኬኔዌ እንዳታየው ብዬ አይደለም። ራሱን የቻለ ሰው መሐረቡን ራሱ ያጥባል።

ሰኞ

የበረቱን ግንብ ድንጋይ እያስተካከልኩ ነበር። ማዶ ኬኔዌና ሴአባታ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ሰው ለማዳመጥ ብዬ አልቆምኩም፤ ድንጋዩ ከብዶኝ ነው የቆምኩት።

"ጆሃንስበርግ የሚነግሩኝ ከሞተ በኋላ ነው" ትላለች። "ኬፕታውን የሚፈልጉት በሕይወት ያለውን ነው። ኬፕታውን ይሻላል። ግን እሱ ሰባት ዓመት የሚቆይ አይመስለኝም። እሱ ሲያልቅ እኔ ደግሞ እዚያ መጽሐፍ ላይ ተደፍቼ።"

ሴአባታ ጢሙን ይነጫል። እሱ ዝም ሲል አይቼ አላውቅም።

ስለ ማን እንደሆነ ስሙን አልሰማሁም። የሴአባታ ወንድም ይሆናል። ሰሞኑን ወገቤን ይላል።

ረቡዕ

አሸነፍኩ።

ኬኔዌ ወሰነች። ሁለቱንም ትተዋቸዋለች። ሐኪምነቷን ብቻ ጨርሳ ትመለሳለች። ለኬፕታውንም ለጆሃንስበርግም አይሆንም ብላ ልትጽፍላቸው ነው፣ ስትመለስ። ይህን የነገረችኝ በጎቹን ስናስገባ ነው፣ ፊቷን አዙራ።

"ደስ አለዎት?" አለች።

"የሚገባውን ነው ያደረግሽው" አልኳት።

ፎርቱይን ምሳዋን ትብላ። ጆሃንስበርግ ሳጥኑን ይቁጠር። ሴአባታ ሳንባውን ታቅፎ ይቀመጥ። የኔ የልጅ ልጅ የኔ ናት። ማታቶ፣ ሰማሽ? አንቺ ብትሆኚ ጼሊሶ ይህ ግትርነትህ ትይኝ ነበር። ግን አሸነፍኩ።

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰው ሲደሰት አይወስደውም። መጻሕፍቷን ከጠረጴዛው አንስታ አልጋ ሥር አስገባቻቸው፤ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። ጠረጴዛው ባዶ ሲሆን ትልቅ ነው። ከመጣች ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ታንጎራጉር ነበር፤ ነገም ታንጎራጉር እንደሆነ አያለሁ።

ሐሙስ

አላንጎራጎረችም።

ሐሙስ፣ ከሰዓት

ሴአባታ ሳይጠራ መጣ። ያን ብርድ ልብስ ለብሶ። ሳልጋብዘው ተቀመጠ። ኬኔዌ ውኃ ወርዳ ነበር። የተባባልነውን እጽፈዋለሁ፣ ነገ እንዳላጣምመው።

"አሸነፍክ አሉ" አለኝ።

"ማን አለ?"

"እሷው። አያቴ አሸነፈ አለችኝ። ሳቅ አልነበረባትም።"

"ታዲያ አንተን ምን አገባህ? ልጅህ ናት?"

"አይደለችም። ብትሆን እንዲህ አላደርጋትም። አንተን ፈርታ የቀረች መሰለህ? ላንተ ፈርታ ነው። ሰው ሁሉ የሚሰማውን ሳል አንተ ብቻ ነህ የማትሰማው።"

ጭስ ነው ልለው አፌን ስከፍት ሳሉ መጣ። ቆይቶ ሄደ። ሴአባታ እስኪያልፍ ጣራውን ሲያይ ቆየ።

ከዚያ፣ "ላሞችህ የታሉ?" አለኝ።

ላሞቼ የት እንዳሉ ያውቃል። ጉልበት ሲያንሰኝ ሁለቱንም ተራራ ላይ ላለው ለሌሳዋና በማፊሳ ሰጥቻቸዋለሁ፤ አባቶቻችን እንዳደረጉት፣ ሣር ላለው ሰው ከብት በአደራ ማውጣት። ያርስባቸዋል፣ ያልባቸዋል። ከብቶቹም ጥጆቹም ግን የኔ ናቸው። አንዷ ብትሞት ቆዳዋን አምጥቶ ያሳየኛል።

"ሌሳዋና ወተቱን ሲጠጣ ትቀናለህ?" አለኝ።

"ለምን እቀናለሁ? ላሚቱ የኔ ናት።"

"ልጆቹ በወተትህ ሲወፍሩስ?"

"ይወፍሩ።"

"እዚህ በረት ዘግተህ ብታስራትስ?"

መልሱን ያውቀዋል። በዚህ ብርድ፣ በዚህ ግቢ፣ ምን በልታ።

"እንግዲህ" አለና ተነሳ። "ሣሩ ያለው እዚያ ነው። ይቺ ሴትዮ ምሳ አበላቻት ብለህ ልጅ በረት ትዘጋለህ? ባለ ከብት ነኝ ትላለህ፤ ባለ ከብት እንዲህ አይደለም።"

ውጣ አልኩት። ወጣ። ከነብርድ ልብሱ።

ዓርብ ጠዋት

ጠየቅኳት። ምድጃው ላይ እሳት ስታነድ፣ ከጀርባዋ ሆኜ።

"የትኛውን ነው አንቺ የምትፈልጊው?"

ዞር አለች። እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም እንዴ? መለስ ብዬ አሰብኩት። ስለ ሁሉም ነገር ተናግሬያለሁ፤ ይህን አልጠየቅኩም።

እንዲህ አለች። "ሁለት ሰዎች አንድ ጉድጓድ ወረዱ። አንድ አቧራ ተነፈሱ። አንዱ አርጅቶ ሻንጣ ተሸክሞ ዳገት ላይ ያፏጫል። ሌላው ጭስ ነው ይላል። ለምን? አንዱን ምን አተረፈው? እሱ ቢታወቅ ሌላውን ማትረፍ ይቻል ይሆናል። ሌላውን ባይሆን ልጆቹን፣ ዛሬ የሚወርዱትን። ፕሮፌሰር ፎርቱይን የምትሠራው ይህን ነው፣ በሕይወት ካሉ ሰዎች ደም። ኬፕታውንን ነው የምፈልገው።"

ተቀመጥኩ።

ይህን ጥያቄ እኔ ስጠይቀው ኖሬያለሁ። ሻንጣ ሲሸከም፣ ሲያፏጭ፣ ቤተ ክርስቲያን ደረቱን ነፍቶ ሲዘምር፣ ለምን እሱ ለምን እኔ አይደለሁም እያልኩ። እኔ ስጠይቀው ቅናት ነው። እሷ ስትጠይቀው ዶክትሬት ነው።

"ሴአባታ ቤት የምትውዪው ለዚህ ነው?"

"ታዲያ ለወሬው መሰለዎት? ወሬውማ ያደክማል።"

ማታቶ፣ ይህን ስትል በጣም ደስ አለኝ። ኃጢአት ከሆነ ይቁጠርብኝ።

"ግን ሰባት ዓመት ነው" አለች። "እርስዎ ደግሞ…"

"እኔ ድንጋይ ነኝ።"

"እሱማ ነው ችግሩ" አለች። ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ሁለቱንም ባንድ ላይ። ይሄ የሁለት ዶክተርነት ነገር ከዚሁ ጀምሯታል።

ዓርብ ማታ

ያለ ምስክር ማፊሳ የለም። ሌላ ሰው ብጠራ ደስ ባለኝ ነበር። ግን ነገሩን የሚያውቅ ሴአባታ ነው። ጠራሁት። ኬኔዌ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ድምፁን ከፈተችልን፣ ፎርቱይን እንድትሰማን፣ እኛም እንድንሰማት። ቋንቋውን ኬኔዌ ታመላልሳለች።

ድምፅዋ የአሮጊት ነው። ወጣት መስላኝ ነበር፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

መጀመሪያ ብርድ ልብሱ ደርሶኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሴአባታ አጠገቤ ተጀቡኖበታል። "ደርሷል፣ እየተለበሰ ነው" አልኳት። አልዋሸሁም።

ከዚያ ቆሜ ነገርኳት። "ይህችን ልጅ አልሰጠሁሽም፤ በማፊሳ ነው ያወጣኋት። ምስክሬ ሴአባታ ነው። ወተቱን ጠጪ፣ አልሰፍርብሽም። ሥራ ታሠሪያት፣ ሳትጎዳ። የምትወልደው ዕውቀት ግን ወደ ቤቷ ይመጣል። ሳልነግርሽ መጥቼ ላያት እችላለሁ። ብትሞት ቆዳዋን ታመጪልኛለሽ።"

ኬኔዌ ቆዳው ላይ ስትደርስ ቆመች። "ይህንንም ልተርጉም?" አለች። ተርጉሚ አልኳት። ውል ውል ነው።

ሴትዮዋ የጠፋች መሰለኝ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀች። "ላሚቱ ራሷ መመለስ ባትፈልግስ?" አለች።

ይህን ሌሳዋናም ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ራሴን ጠይቄው አላውቅም፤ ወይም ይህን ብቻ ነው ብርዱን ሙሉ ስጠይቅ የከረምኩት። ኬኔዌ ወለሉን ታያለች።

"የኛ ከብት ጆሮዋ ላይ ምልክት አላት" አልኩ። "የትም ትጋጥ፣ ያያት ሁሉ የማን እንደሆነች ያውቃል። እሱ ይበቃኛል።"

አይበቃኝም። ግን ምስክር ፊት የተባለ ተባለ።

"ተቀብያለሁ" አለች ፎርቱይን። አክላም ሁለታችሁም ሽማግሌዎች ኬፕታውን ኑ፣ ኬኔዌ ሳትሆን ሌላ ሐኪም ያያችኋል፣ ሕጉን አይነካም አለች። ሁለታችሁንም ነው የምፈልገው፣ አንዳችሁ ያለ ሌላው አትጠቅሙኝም አለች። እናያለን አልኳት። ሴአባታ ስልኩን ቀማኝና በጉድጓድ እንግሊዝኛው ምን እንዳላት እንጃ፣ ሴትዮዋ ሳቀች። እኔን ስታወራኝ አልሳቀችም። ከኔ በላይ አወራት።

እሁድ

ሄደች።

ታች መንገድ ድረስ ሸኘናት። ሻንጣውን ሴአባታ ያዘው፤ እሺ ይያዘው። ታክሲው ሲመጣ መጀመሪያ የሴአባታን እጅ ጨበጠች፣ ረጅም አድርጋ። ከዚያ ወደኔ ዞረች፣ አቀፈችኝና ጆሮዋን ደረቴ ላይ አደረገች። አልገፋኋትም። ታክሲው ጡሩንባ እስኪነፋ አዳመጠች። የሰማችውን አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም።

"ከሐኪሙ ቀጠሮ እንደደረሰኝ እደውላለሁ፤ ሁለታችሁም ትመጣላችሁ" አለች ከመስኮቱ። ሴአባታ አዎ አለ። እኔ ራሴን ነቀነቅኩ፤ እሱ አዎ ካለ በኋላ አዎ ማለት እሱን መከተል ይመስላል።

ታክሲው ተጠማዝዞ ጠፋ። ሽቅብ ጀመርን። በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። ሴአባታ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ እንደ ድሮው። እያፏጨ ነበር። ከቄሱ ቤት ትንሽ አለፍ ብለን ትንፋሼ አልታዘዝ አለኝ። ፉጨቱ ቆመ።

"ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ገባ" አለ ሴአባታ። ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ሸለቆውን ማየት ጀመረ።

ጫማውን አላወለቀም። ክሩን እንኳ አልነካም።

እኔም ቆምኩ። ምን ላድርግ፣ ሰው ጠጠር ገብቶበት ጥዬው አልሄድ። እስኪወጣለት ጠበቅኩት።